ጥቁሩ ብስኩትና የጋሽ ገመቹ ጾም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚፈልገኝ ለሁለት ነገር ነው፤ ለዕድርና ለውሻ። ባለፈው ሰሞን እዚህ ወሰን ሰፈር የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ፣ ወይዘሮ ሰላም፣ ከሱፐርማርኬት የገዛችውን የውሻ ምግብ ከረጢት ታቅፋ መጣች። ከረጢቱ ላይ ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ የፈረንጅ ውሻ አለበት።

“ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የሠሩበት ነው። ይኼ ጥሩ ነው ወይስ ሸወዱኝ?” አለችኝ።

መነጽሬ ቤት ስለነበር የተጻፈውን ለማንበብ አልሞከርኩም። እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ ከመሐል አንድ ፍሬ አወጣሁና ጆሮዬ ሥር ሰበርኩት። ሌላም ሰበርኩ። ወይዘሮ ሰላም ሳቋን መያዝ አቃታት።

“ምን አለዎት?” አለች።

ትሳቅ፣ አልፈርድባትም። እኔም በልጅነቴ አንድ ትልቅ ሰው የውሻ ብስኩት እያኘኩ ሲያስቡ ባየሁ ጊዜ ከዚህ የባሰ ስቄያለሁ። ከሳቅኩ በኋላ ግን ለምን ብዬ ጠየቅሁ፤ ያ ጥያቄ ደግሞ እስከ ጡረታዬ ሲያኖረኝ ኖረ።

ሥራ የጀመርኩት ዳቦ ቤት ነው፣ አራት ኪሎ አካባቢ። አለቃዬ ቁጡ ሰው ነበሩና ስለ እሳቸው ብዙ የምለው የለኝም። አንድ ነገር ግን አስተምረውኛል። ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ ገልብጠው ሆዱን በጣታቸው ያንኳኩና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። እንደ በር ከጮኸ በስሏል፤ እንደ ትራስ ከታፈነ ተመልሶ ይገባል። እዚያ ብዙ አልቆየሁም፣ ዱቄቱ አሳለኝ፤ ደሞዙም ከሳሉ ጋር አይመጣጠንም ነበር።

በሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፣ አንድ ዘመዴ ከየካ ወደ እንጦጦ መውጫ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ሥር፣ ሙሴ ኒቆ የሚባል ግሪክ ውሾች እያሳደገ እንደሚያከራይ የነገረኝ። የጥበቃ ውሾች ናቸው፤ ለመጋዘን፣ ለጋራዥ፣ ለፈረንጆች ቪላ ይከራያሉ። ውሻ ይከራያል ሲሉኝ አላመንኩም። ላየው ሄድኩና በዚያው ተቀጠርኩ። ሥራዬ ማብላትና መጥረግ ነበር።

የውሾቹ ኃላፊ ጋሽ ገመቹ ነበሩ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ባለው ቁልቁለት ተወልደው፣ ገብስ ዘርተው፣ ማሳቸው ባሕር ዛፍ ሲሆን ወደ ደሞዝ የገቡ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ዝግ ያሉ፣ ሲናገሩ እያንዳንዷን ቃል መዝነው የሚያወጡ። ከባለቤታቸው ከእትዬ ብርቄ ጋር የሚኖሩት እዚያው ጊቢ፣ ከውሾቹ ቤት ጎን ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። ሙሴ ኒቆ ውሾቹን በግሪክኛ ያዛል፣ ጋሽ ገመቹ በኦሮምኛ ያባብላሉ፣ እኔ በአማርኛ እለምናለሁ። ውሾቹ ሦስቱንም ይሰማሉ፤ የሚታዘዙት ግን ለጋሽ ገመቹ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ውሻ ማንያውቃል ይባላል። ስሙን ያወጡት ጋሽ ገመቹ ናቸው። በአገራችን ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት መናገር የከበደውን በውሻው ስም ይናገራል፤ ይኼም ድንበር ይገፋቸው ለነበረ አንድ ሰው የተላከ መልስ ነው አሉኝ። ውሻውን እናቱ ስትሞትበት በላም ወተት ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። ቆሞ ትከሻቸው ላይ እጁን ሲጭን ሁለቱ የሚጨፍሩ ይመስሉ ነበር።

በፍስክ ጊዜ የውሾቹ ምግብ ቀላል ነው። ከሥጋ ቤት አንጀቱን፣ ሳንባውን፣ አጥንቱን እናመጣና ከገብስ ጋር እንቀቅላለን። ጭንቁ የሚመጣው በሁዳዴ ነው። ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። የጊቢያችን ዘበኛ ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ “የእኛ ሥጋ ቤቶች አሉ አይደል?” ይላል። አሉ፤ ግን መርካቶ ድረስ ነው፣ ትርፍራፊያቸውም አስቀድሞ ደንበኛ አለው። ስለዚህ ጾሙን የሚያሻግረን ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣው ደረቅ ምግብ፣ የፈረንጅ የውሻ ብስኩት ነበር። እሱን መምረጥ የጋሽ ገመቹ ሥራ ነው።

አመራረጣቸውን ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። ጆንያውን ከላይ አይፈቱም፤ “ነጋዴ ከላይ ያለውን ለእንግዳ ነው የሚያስቀምጠው” ይላሉ። ጎኑን በወስፌ ተርትረው እጃቸውን ይከቱና ከመሐል ይዘግናሉ። ጆንያው ሥር የተጠራቀመውን ዱቄት በመዳፋቸው ዘርግተው ነቀዝ ይፈልጋሉ። አንዱን ፍሬ ወረቀት ላይ ያሻሉ፤ ቅባቱ ወረቀቱን ካላሳለፈው ሥጋው በስም ብቻ ነው ማለት ነው። አንዱን በእፍኛቸው አሙቀው ያሸታሉ። አንዱን ውኃ ውስጥ ይጥሉና ሌላ ሥራ ሠርተው ይመለሳሉ። ቀስ ብሎ አብጦ ቅርጹን ከያዘ ደኅና ነው፤ ሟምቶ ሙቅ ከሆነ ውሻውን በዱቄት ሊያታልሉት ነው። ውሾቹ ከበሉ በኋላ ደግሞ ኩሱን ያያሉ። ትንሽና ጠንካራ ከሆነ ምግቡ ሰውነት ውስጥ ቀርቷል፤ ክምር ከሆነ ያስገባነውን ነው መልሰን የምንጠርገው። መጥረጊያው በእኔ እጅ ስለነበር ይህቺን ትምህርት ቶሎ ያዝኳት።

የመጨረሻው ፈተና አፋቸው ነው። አንድ ብስኩት ቆርሰው ያኝካሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆዩና ተፍተው በውኃ ይጉመጠመጣሉ። የሳቅኩት ይኼን ሳይ ነው።

“ጋሼ፣ ፈረንጅ ያረደው፣ የምን እንደሆነ የማይታወቅ ሥጋ አለበት እኮ!” አልኳቸው።

“ሙሴ የበሬ ነው ብሎኛል። በሬ ካልሆነ በሰማይ እሱ ይጠየቅበት።”

“ቢሆንስ፣ ለምን እርስዎ? ውሻው ራሱ ቀምሶ አይለይም?”

አፋቸውን ጠረጉ። “ቀምሶ የሚተው የጠገበ ነው፤ የራበው አምኖህ ይበላል። ከታመንክ ደግሞ አንተ ትቀምሳለህ።”

በጾም ግን አይቀምሱም። ተፍተውት እንኳ አይነኩትም። ስለዚህ የሁዳዴው ብስኩት ሁልጊዜ ከቅበላ በፊት ተገዝቶ፣ ተቀምሶ፣ ተከትቶ ያድር ነበር።

አንድ ዓመት ዕቃው ወደብ ላይ ዘገየ። ሁዳዴ ገብቶ፣ እኛም ውሾቹን ገብስ በገብስ አድርገናቸው፣ ጾሙ ሲጋመስ መጣ። ጆንያውን ብንተረትረው ብስኩቱ ጥቁር ነው። ሙሴ ኒቆ አዲስ ዓይነት ነው አለን፤ ለውሻ ሆድ ይስማማል ተብሎ የተፈጨ ከሰል አብሮ ተጋግሯል። እኔ ነገሩ ደነቀኝ። ከሰል ለምድጃ እንጂ ለሆድ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ ገመቹ ወስፌያቸውን፣ ወረቀታቸውን፣ ውኃቸውን ሁሉ ተጠቀሙ። ሁሉንም አለፈ። የቀረው አፍ ነው። ዞር ብለው ሸምሱን አዩት።

“ኧረ ጋሼ!” አለ ሸምሱ ወደ ኋላ እያለ። “ቢስሚላህ ያልተባለበትን ሥጋ? በጾም እርስዎን የከለከለዎት ዓመቱን ሙሉ እኔን ይከለክለኛል።”

እኔም ጿሚ ነኝ። ሙሴ ኒቆ ቀረ። እሱ ጾሙን ከአገሬ ስወጣ መርከብ ላይ ረሳሁት ይል ነበር። ሲጋራውን በአንድ እጁ ይዞ ብስኩቱን ከፍ አድርጎ ገመጠና “ቦኖ! በጣም ቆንጆ ነች!” አለ፤ ሲደሰት ጣልያንኛ ይቀላቅላል። ያ ሰው ምላሱን ትንባሆ ከገደለው ቆይቷል፤ ሬት ቢያቀምሱትም ቦኖ ከማለት አይመለስም። ግን ባለቤቱ እሱ ነው፤ ውሾቹም ርቧቸዋል። አበላናቸው።

ማንያውቃል ከሁሉ አብልጦ የሚበላ ነበርና የእሱ ሕመም ቀድሞ ታየ። መጀመሪያ ከፊቱ ምግብ ትቶ ተኛ። ቀጥሎ አስመለሰው። ከዚያ የዓይኑ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ ጉበቱ ነው አለ፤ ሊያደርግለት የሚችለውንም አደረገ። ጋሽ ገመቹ ውሻው አጠገብ ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ፤ ምግብ አምጡ አላሉም። ማንያውቃል ፀሐይ በወጣ ሰዓት ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርጎ ሞተ። እኔ እስከዚያ ቀን ትልቅ ሰው ለውሻ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ለካ ልክ ለሰው እንደሚለቀሰው ነው።

ከቀበርነው በኋላ ጆንያውን ደጅ አውጥቼ ብስኩቱን አንድ በአንድ እሰብር ጀመር። ከብዙው መሐል ክፉኛ የተበላሹት ጥቂቶቹ፣ ፀሐይ ላይ አዟዙሬ ሳያቸው፣ ሆዳቸው ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ሻጋታ ነበረባቸው። መንገድ ላይ ርሰው መልሰው የደረቁ ይመስለኛል። ሻጋታውን ከዓይናችን የሸሸገው የከሰሉ ጥቁረት ነው፤ ሽታውንም የዋጠው ያው ከሰሉ ይሆናል። አፍ ቢነካው ግን ይመር ነበር። ጋሽ ገመቹ መጥተው ከላዬ ቆሙና አዩት።

“ብቀምሰው ኖሮ” አሉ። 

ሙሴ ኒቆ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ፈርቷል። የውሾቹ ነገር ከተሰማ ደንበኛ ይሸሻል። የሱ አማርኛ አንተና አንቺን አይለይም፣ በሌላ ቀን ያስቀን ነበር፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። “ገመቹ፣ ሌላ ውሻ ይሞታል፣ አንቺ ቁልፍ ትሰጪኛለሽ” አለ፤ ከሞተ ማለቱ ነው። ቁልፉ የውሾቹ ቤት ብቻ አይደለም፤ የእነ እትዬ ብርቄም ቤት ነው። የዚያ ጊቢ ሥራ ከቀረ ሁለቱ መሄጃ አልነበራቸውም። ማሳው ባሕር ዛፍ ሆኗል።

የቀረውን ብስኩት ለናሙና ትንሽ አስቀርተን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርን። የተረፉት ውሾች ደግሞ ወደ ገብስ ተመልሰው የጎድን አጥንታቸው መቆጠር ጀመረ። ፒያሳ ሁለት ነጋዴዎች ብስኩት አላቸው ተባለና ከየአንዳንዳቸው አንድ ጆንያ ለሙከራ አስመጣን። የሁለቱም ጥቁር ነው! በዚያ ወራት ከጥቁር በቀር የገባ አልነበረም። ፋሲካ ገና ነው፤ መምረጥ ደግሞ ዛሬ ያስፈልጋል።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ገመቹ “ና እንውጣ” አሉኝ። እንጦጦ ራጉኤል የሚያገለግሉ የንስሐ አባት አሏቸው።  አባን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገኘናቸውና ጋሽ ገመቹ ነገሩን ከጆንያው ጀምረው አስረዷቸው። አኝኮ መትፋት ጾም ያፈርሳል ወይ ነው ጥያቄው።

“ለሕመም ቢሆን፣ ነፍስ ለማዳን ቢሆን እፈቅድልህ ነበር” አሉ አባ። “ነፍሱ የማን ነው?”

“የውሻ፣ አባ።”

አባ ፂማቸውን ያዙና ወደ ታች ወደ ከተማው አዩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። “እንግዲህ እሱም ፍጥረቱ ነው” አሉ። “አልከለክልህም። ግን አንተ ይኼን ጾም ከልጅነትህ ጀምረህ ጥሰህ አታውቅም፤ እኔ ብፈቅድልህ አንተ ለራስህ ትፈቅዳለህ?”

ጋሽ ገመቹ መስቀል ተሳልመው ቁልቁለቱን ያዙ። ፈቃዱን ሳያገኙ ቢቀሩ ይቀላቸው ነበር፤ አሁን ምርጫው በእጃቸው ወደቀ። ቤት ስንደርስ አንድ ብስኩት አንስተው እስከ ከንፈራቸው አደረሱና መልሰው አስቀመጡት።  እኒያን ሰው በዚያ ሁኔታ ማየት አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ነው የዳቦ ቤቱ አለቃዬ ትዝ ያሉኝ።

“ጋሼ፣ ቆይ ዓይንዎን ይጨፍኑ” አልኩ። ካስቀረነው ከተበላሸው አንዱን ጆሯቸው ሥር ሰበርኩት። ድፍን ያለ፣ የረጠበ እንጨት የሚመስል ድምፅ ሰጠ። ከአንደኛው ነጋዴ ጆንያ መሐል አንዱን ሰበርኩ። ቀጭ አለ። ዓይናቸውን ገለጡ።

“ድገመው።”

ደገምኩት። ሸምሱ ዱላውን ጥሎ መጣና እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ጋሽ ገመቹ ግን ቶሎ የሚታለሉ ሰው አይደሉም። ቀጭ ካለው ዓይነት ጥቂት ውኃ አስነክተው በአንድ ሰሃን ፀሐይ ላይ አሰጡት። በሚቀጥለው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲደርቅ በዓይን ከሌላው አይለይም ነበር። ሰበርነው፤ ድፍን አለ። አንዴ የረጠበ ብስኩት ቢደርቅም ጩኸቱ እንደማይመለስለት ያን ቀን አወቅን። ደስታዬ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ በመኖ ፋብሪካ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ያን የመሰለ ከሰዓት አላገኘሁም።

ከዚያ ሁለቱንም ጆንያ ከላይ እስከ ታች ፈተንን። ሦስት ሰዎች ተኮልኩለን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ብስኩት በየጆሯችን ስንሰብር እትዬ ብርቄ በር ላይ ቆመው አማተቡ።

“ምነው ደኅና ናችሁ?”

“ጾም ሳንፈታ እየቀመስን ነው” አልኳቸው።

“ጆሮም እኮ ይጾማል!”

“ከክፉ ወሬ ነው እንጂ ከብስኩት አይደለም” አሉ ጋሽ ገመቹ። ማንያውቃል ከሞተ ወዲህ ሲቀልዱ የሰማኋቸው ያኔ ነው።

የሁለተኛው ነጋዴ ጆንያ ከላይ ጮኸ፣ ወደ መሐል ግን እየታፈነ ሄደ። መለስነው። የአንደኛው እስከ ሥሩ ቀጭ አለ። ጋሽ ገመቹ ከዚያ ሰው ሌላም ጨምረው አስመጡ፤ በየጆንያውም እየሰበሩ ተቀበሉ። መጀመሪያ ከሚገባው በታች ቀንሰው፣ ከገብስ ቀላቅለው አበሉ፤ ሕማማት ሲገባ ሙሉውን።

ምርጫው ተመረጠ እንጂ ልባችን አላረፈም። በጆሮ የተመረጠ ምግብ ማን ሰምቶ ያውቃል? ድምፁ ርጥበቱን ይነግረናል፤ ሌላ ምን ክፉ ነገር ውስጡ እንዳለ ግን አይነግረንም። ጋሽ ገመቹ በየጠዋቱ እያንዳንዱን ውሻ በጉልበታቸው መሐል አስገብተው የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው ነጩን ያያሉ። እትዬ ብርቄ ከመስኮት ሆነው የባላቸውን ፊት ያያሉ፤ እኔ ሁለቱንም አያለሁ። ሙሴ ኒቆም ሲጋራውን ይዞ ይመላለሳል። ነጩ ነጭ ነበር፤ ሆኖም ክፉ ምግብ ሥራውን ቀስ ብሎ እንደሚሠራ አይተናልና ማንም ደፍሮ ተርፈናል አላለም።

የፋሲካ ለት ጋሽ ገመቹ ከራጉኤል ሲወርዱ ጎህ ቀዶ ነበር። ሰው ሁሉ ጾሙን ፈትቶ ሰፈሩ በቅቤ ሽታ ተሞልቷል። እኔና ሸምሱ ጊቢው በር ላይ ቆመናል፤ ሙሴ ኒቆ እንደ አገሩ ልማድ በቀይ ቀለም የተነከረ እንቁላል ይዞልን መጥቷል። እትዬ ብርቄ የባላቸው ሆድ እንዳይቆጣ የተልባ ጭማቂ በጣሳ ይዘው ወጡ። ጋሽ ገመቹ እንኳን አደረሳችሁ ብለው ሳሙን፣ ጣሳውን ግን አልተቀበሉም። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ውሾቹ ቤት ሄዱ። የእያንዳንዱን ዓይን አዩ። ከዚያ ጆንያው ውስጥ እስከ ክርናቸው ገብተው አንድ ጥቁር ብስኩት አወጡ።

እትዬ ብርቄ ነገሩ ገባቸው። “አንተ ሰውዬ! ሁዳዴን ሙሉ ጾመህ በውሻ ምግብ ትፈታለህ? የሠራሁት ሁሉ እቤት ቁጭ ብሎ?”

“ቆይ፣ ብርቄ። እነሱ አምነውኝ ሲበሉ ነው የሰነበቱት።”

አፋቸው ከተቱት። ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማነው። ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩ። እትዬ ብርቄ ጣሳውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙ። ሙሴ ኒቆ ሲጋራውን ማጨስ ረሳ። ውሾቹም እንኳ የጋሽ ገመቹን አፍ እያዩ ምራቃቸውን ያዝረበርባሉ። እኔ የሚተፉበትን ጊዜ እጠብቃለሁ፤ የሚጉመጠመጡበትን ውኃም በኩባያ ይዤ ቀርቤያለሁ።

አልተፉትም። ዋጡት። ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ ባለቤታቸውን፣ ቀጥሎ ሙሴ ኒቆን አዩ።

“ጨው ያንሰዋል” አሉና እጃቸውን ለሁለተኛው ሰደዱ።